ነገ ምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ላይን መምራት፦ እኔ እንዴት አደረግኩት

ደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ በኦፐሬተርነት ጀምሬ አሁን የላይን ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ ላይን ማለት አንድ ልብስ እየተቀባበሉ የሚሰፉ ኦፐሬተሮች ረድፍ ነው። ላይኔ ላይ የሚሰሩት አብዛኞቹ ልጆች ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሞረትና ጅሩ የመጡ ናቸው፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። አዲስ ሱፐርቫይዘር የሆኑ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፣ ሁሉም ነገር በየጊዜው እየተገለባበጠ ሰው እንዴት ነው የሚመራው ይሉኛል፣ እስቲ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ምን ምን እንዳሳለፍን መጀመሪያ ላስታውሳችሁ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ከተማችን በተፈናቃይ ሞላች፣ ማሽን ላይ ቁጭ ብላ እናቷ የት እንዳለች የማታውቅ ልጅ ነበረች። እሱ ረገብ ሲል ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ላይ አሜሪካ የአፍሪካ አገሮች እቃቸውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ከምትፈቅድበት ከአጎዋ አስወጣችን፣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ቲሸርት ጥጥ ከሆነ 16.5 በመቶ፣ ፖሊስተር ከሆነ 32 በመቶ ይከፈልበት ጀመር፣ ስለዚህ ገዢው ወይ ዋጋ ቀንሱ ይላል ወይ ይሄዳል። አውሮፓ ያለ ቀረጥ ማስገባቱ ስላልተነካ ፊታችንን ወደዛ አዞርን፣ እኛ ጋ የመጣው ኦደር ግን ትንንሽ ነበር፣ አንዱን ስታይል፣ ማለትም የልብስ ሞዴል፣ እጃችን ሳይለምደው ሌላ ይመጣል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ጨርቅ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላሩ ነገር መጣ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ቆይቶ ከ100 በላይ ሆነ፣ ለኤክስፖርት ጥሩ ነው ይባላል፣ ለልጆቹ ግን ዘይቱም ኪራዩም ጨመረ፣ ደሞዙ እዛው ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ላይን የሚያፈርሰው ወሬ ነው። "ፋብሪካው ሊዘጋ ነው" የሚል ወሬ ጠዋት ከገባ እስከ ምሳ ሪጀክቱ፣ ማለትም በጥራት ጉድለት የሚመለሰው ልብስ፣ ይጨምራል፣ ምክንያቱም የልጅቷ እጅ ማሽኑ ላይ ቢሆንም ልቧ አገሯ ገብቷል። ስለዚህ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ቆመን አጭር ስብሰባ ጀመርኩ፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምናገረው፦ ዛሬ የማውቀው ይሄ ነው፣ የማላውቀው ይሄ ነው፣ የማላውቀውን ደግሞ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እነግራችኋለሁ። አዲስ ነገር ባይኖርም ቆሜ "አዲስ ነገር የለም" እላለሁ፣ ይቺ ቀላል ትመስላለች ግን ዋናዋ እሷ ናት።

አንዴ መንገድ ተዘግቶ ሳለ አንዷ ኦፐሬተር ሻንጣዋን አዘጋጅታ መጣች፣ "እትዬ እውነቱን ንገሪኝ፣ ልቆይ ወይስ ልሂድ?" አለችኝ። አይዞሽ ምንም አይሆንም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን "ስቶር ውስጥ ያለው ጨርቅ እስከ ሐሙስ ያሰራናል፣ ከዛ በኋላ ያለውን አላውቅም፣ ሐሙስ ከምሳ በፊት ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት። ሐሙስ መኪናው አልደረሰም፣ አለመድረሱንም ያው በተባለው ሰዓት ለሁሉም ነገርኩ፣ የዛን ቀን ማንም አልሄደም። ሰው መጥፎ ዜና ይችላል፣ የማይችለው ከማን እንደሚሰማው አለማወቁን ነው።

ከላይ ያሉት አለቆች መጀመሪያ አልወደዱትም፣ ሰራተኛ ታስደነግጫለሽ አሉኝ። እኔም ወሬውና የሪጀክቱ ቁጥር አብሮ እንደሚወጣ መዝግቤ አሳየሁ፣ ከዛ ተስማማን፣ ጠዋት ጠዋት ከማናጀሩ ጋር የሚነገረውንና ለመንገር ገና የሆነውን እንለያለን። ገና የሆነውን አልናገርም፣ ግን ዋሽቼም አላውቅም።

የቅነሳ ወሬ ሲመጣ ደግሞ አሰሪና ሰራተኛ አዋጁን ይዤ ገባሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። አንቀጽ 29 ላይ ቅነሳ ከመጣ ከሰራተኛ ማህበሩ ወይም ከሰራተኛ ተወካይ ጋር ምክክር እንዳለ፣ የስራ ችሎታ ያለውና የተሻለ ምርታማ የሆነው ቅድሚያ እንደሚቆይ አነበብኩላቸው። ብዙዎቹ ሱፐርቫይዘር የጠላትን ያስወጣል ብለው ነበር የሚያስቡት። ያ ቀን የቀጣዩን ስራ በር ከፈተልኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሌላ ማሽን ልማር ማለት ጀመረ።

ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ለጠፍኩ፣ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላ በኩል ስራው፦ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ጎን መዝጋት፣ ጫፍ ማጠፍ፣ ኦቨርሎክ፣ እያንዳንዷ የምትችለው ላይ ምልክት አለ። መብራት ሲኖር ግን ጨርቅ ሲጠፋ ሌላው ላይን ቁጭ ብሎ ያወራል፣ እኛ በቁርጥራጭ ጨርቅ እንማማራለን፣ አስተማሪዋም እኔ ሳልሆን እዛው አጠገቧ ያለችው ናት። እጅጌ ብቻ የምትሰራ ልጅ ስታይል ሲቀየር ትፈራለች፣ ሦስት ነገር የምትችል ግን "የትኛው ላይ ልቀመጥ?" ብላ ነው የምትጠይቀው። ስታይል በሚቀየርበት ቀን ሳምፕሉን ከአንድ ቀን በፊት ሰቅዬ በእጃቸው እንዲነኩት አደርጋለሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ታርጌትም ዝቅ እንዲል ከፕላኒንግ ጋር እከራከራለሁ፣ እዚህ ላይ አልለቅም።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ቴሌግራም ግሩፓችን ዋጋ አጣ። ልጆቹ በቤት በቤት ስለሚኖሩ ከየቤቱ አንድ ስልክ ያዝኩ፣ ነገ ሰርቪስ ከሌለ ለአንዷ እደውላለሁ፣ እሷ ለቤቱ ትናገራለች።

የማይቀየሩትን ደግሞ አጥብቄ እይዛለሁ። የሻይ ሰዓት አይነካም፣ በታኅሣሥ ውርጭ ንጋት ላይ የገባች ልጅ እጇ እስኪሞቅ ትንሽ ይጠበቃል፣ ኦቨርታይም ሕጉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ስለሚል ኦደር ቢያጣድፍም ከዛ አላልፍም።

ደሞዝ መጨመር ግን በእኔ እጅ አይደለም፣ ስለዚህ የሚለቁ አሉ፣ ይሄ እስካሁን ያመኛል። ስትለቅ ፊቴን አላጠቁርባትም፣ የስራ ልምድ ደብዳቤዋ እንዳይጓተት ኤችአር ድረስ አብሬያት እሄዳለሁ፣ የቤተሰቧን ስልክ እቀበላለሁ። አዝመራ ከገባ በኋላ ተመልሰው የመጡ አሉ፣ ትልቅ ኦደር ሲመጣም ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት መጀመሪያ የምደውለው ለእነሱ ነው።