ከሚሌ ዝቅ ብሎ የሚበርድ ከተማ

ሻንጣው ሳሎን መሃል አፉን ከፍቶ ከተቀመጠ ሰንበትበት ብሏል። ያለፈ ያገደመው አንድ ነገር ጣል ያደርግበታል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ የተጣለውን አወጣለሁ። ትናንት ሁለት ሹራብና አንድ ፌስታል ምስር አወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ምስሩ ተመልሶ ገብቷል።

የምሄደው ሚኒያፖሊስ ነው፣ አሜሪካ። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም። እናቴ ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ ጉልበቷ አይችለውም። ስለዚህ እጣው ለእኔ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ገብቼ፣ የበረዶውን ወራት እዚያው አሳልፌ፣ መጋቢት መጨረሻ እመለሳለሁ፣ ኢንሻ አላህ።

"አገሩ ብርድ ነው አሉ" ብዬ ሳወራ ደሴ ውስጥ የሚደነግጥልኝ ሰው አጣሁ። ብርድ ለኛ ምን ብርቅ ነው? ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ተሰቅላለች። ኅዳር ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በርና መስኮቱን ሲነቀንቅ ያድራል። ደላንታ ዘመድ ያለው ሰው ውርጭ ሰብል ሲመታ ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል። አንድ የሰፈራችን ሰው እንዲያውም "የጉጉፍቱን ብርድ የቻለ የትም አይሞትም" ብሎ ሸኘኝ። ገና ሳልሄድ።

እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ለኛ ለወሎዎች ብርድ ማለት ከፍታ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ትደርባለህ፣ ወደ ታች ስትወርድ ታወልቃለህ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬት ማውለቅ የተለመደ ነው። ባቲን አልፈህ ወደ አፋር ቆላ፣ ወደ ሚሌ ከወረድክ ደግሞ ሸሚዙም ይከብድሃል። ሚኒያፖሊስ ታዲያ ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ከኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፣ ከሚሌም ዝቅ ትላለች። ይህን ለወንድሜ ስነግረው "ታዲያ እንዴት ይበርዳል?" አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው።

ነገሩ የከፍታ ሳይሆን የርቀት ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነን፣ እነሱ 45 ላይ። በእነሱ ዲሴምበር ፀሐይዋ አናት ላይ አትወጣም፣ ዝቅ ብላ በጎን ታልፋለች። የቀኑ ብርሃን ጠቅላላ ርዝመቱ ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። ባሕር ቅርባቸው ስለሌለ የሚያለዝብላቸው ነገር የለም። ከካናዳ የሚመጣውንም ቀዝቃዛ አየር የሚገታ ተራራ የለም፤ አገሩ ሜዳ ነው። ጦሳን የመሰለ ነገር የላቸውም። ጃንዋሪ ላይ የሌሊቱ ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ነው። እሱ እንግዲህ ደህናው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ከዜሮ በታች 33 ገብቷል። ይህን ቁጥር ለእናቴ አልነገርኳትም።

እህቴ ሰሞኑን በቪዲዮ ደውላ ሻንጣውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። ሳቀች።

"እታለም፣ ይሄ ሁሉ ወፍራም ሹራብ ለምንድን ነው?"

"ለብርዱ ነዋ!"

"ቤት ውስጥ እኮ 21 ዲግሪ ነው። ቲሸርት ለብሰን ነው የምንውለው።"

ይህቺን ነገር ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሳመነዥካት ቆየሁ። የደሴ ብርድ አብሮን ቤት ውስጥ የሚኖር ነው። ማሞቂያ የሚባል ነገር የለንም። ከሰል ቢነድ ለቡና ነው፣ እሱንም በር ዘግቶ ማንደድ ያሰጋል። ስለዚህ ጠዋት ጋቢያችንን ተከናንበን ከአልጋ እንወርዳለን። ቁርሱም በጋቢ፣ ቡናውም በጋቢ። የምንሞቀው ውጭ ስንወጣ ነው። ረፋድ ላይ ፒያሳ ብታልፉ፣ ሰው ፀሐይ ያረፈበትን ጎን መርጦ ቆሞ ሲያወራ ታያላችሁ። እዚያ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቤቱ ይሞቃል፣ ደጁ ይገድላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ የወጣችበት ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ የባሰው ነው አለችኝ። እሱስ ገባኝ። የኛም ውርጭ የሚጥለው ደመና በሌለበት ሌሊት አይደል?

ስለዚህ እኛ የምንለብሰው ለቤት ነው፣ እነሱ የሚለብሱት ለበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ደራርበው ይወጣሉ፣ ሲመለሱ እዚያው በር ላይ አራግፈው ይገባሉ። ይህ ከተያዘ ሻንጣው ግማሽ በግማሽ ይቀላል። አንድ ትልቅ ወፍራም ሹራብ ከመያዝ ሦስት ቀጫጭን ነገር መያዝ ይሻላል። በመካከላቸው የሚቀረው አየር ነው የሚያሞቀው። ሲሞቅህም አንዱን ማውለቅ ትችላለህ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጥጡ ጉዳይ ነው። "ጥጥ ከቆዳሽ ጋር አይነካካ" አለችኝ። ለወሎ ሰው ይህን መናገር ድፍረት ነው! ጋቢያችን ጥጥ፣ ነጠላችን ጥጥ፣ ቡሉኳችን ጥጥ። ምክንያቷ ግን ያሳምናል። ጥጥ ላብን ይጠጣና ይዞት ይቀመጣል። ከዚያ በር ከፍተህ ስትወጣ እርጥቡ ጨርቅ ሰውነትህን ያቀዘቅዘዋል። ሱፍ ግን ትንሽ ቢረጥብም ሙቀት አይለቅም። ከውስጥ የሚለበሰው ታይትና ሙሉ እጅጌ እንግዲህ ወይ ሱፍ ነው ወይ ፖሊስተር። ለነገሩ የኛ ደጋ እረኛ በርኖስና ባና ከበግ ጠጉር ሲያሠራ የኖረው ይህን አውቆ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ነን የረሳነው።

ካፖርቱን ያገኘሁት ሰልባጅ ተራ ነው። ጥቁር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ኮፍያ ያለው፣ ውስጡ ላባ። ነጋዴው ሲያራግፈው አቧራው አስነጠሰኝ። ዚፑን ደጋግሜ ከፈትኩ ዘጋሁ። ስፌቱን ዳበስኩ፣ ላባው የሚያፈተልክበት ቀዳዳ የለም። ጨብጬ ስለቀው ቶሎ ተነፋ። ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ላባው የሞተ ከሆነ ተጨምቆ ይቀራል። ከአንዱ በረዶ አገር በቦንዳ ታስሮ ደሴ ድረስ መጥቶ፣ አሁን እኔ ትኬት ቆርጬ ወደ ብጤዎቹ ልመልሰው ነው። ነጋዴው የት እንደምሄድ ቢያውቅ ኖሮ ዋጋውን እጥፍ ያደርገው ነበር። ዝም አልኩ።

ጓንትና ካልሲ ቀላል ነው። ጓንቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ዓይነት ይሁን ተብያለሁ፣ ጣት ከጣት ይሞቃቃል። ቦት ጫማው ደግሞ ከቁጥሬ አንድ ከፍ ያለ። በወፍራም ካልሲ ከጠበበ ደም አይዘዋወርም፣ አየርም አይቀርበትም፣ እግር ይደነዝዛል። ቫዝሊንም በብዛት፤ ማሞቂያው የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫም ይደማል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ እኔ ልብስ ነው። ሻንጣው ግን የእኔ አይደለም። የአራሷ ነው። የተፈቀደልኝ 2 ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እናቴ በአንዱ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ሞልታ ስታበቃ፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገረች። ቋንጣው ላይ ተጣላን። ስጋ ነክ ነገር አይገባም። ሌላውንም ምግብ ቢሆን ጉምሩክ ላይ "ይዣለሁ" ብሎ መናገር ግድ ነው፣ የደበቀ ይቀጣል። ነግሬያት "እሺ" አለች። ማታ ላይ ቋንጣውን ሹራብ እጅጌ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። በቅቤው ግን ተስማማን። ቅቤ እዚያም ይገዛል፣ ቅቤ የሚያደርገው ቅመሙ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ብቻ በቂ ነው።

ትናንት ቡና ላይ አሮጊቷ ጎረቤታችን መጡ። ገና ሳይቀመጡ "ማርያም በሽልም ታውጣት" አሉ። እናቴ "አሚን፣ አሚን" አለች። ከቶናው በኋላ ወሬው ወደ በረዶው ዞረ።

"እውነት ነው እንዴ ልጄ፣ ሐይቁ ላይ በመኪና ይሄዳሉ የሚባለው?"

"እውነት ነው እማማ። ሐይቁ ይረጋል። 10 ሳንቲ ሜትር ከረጋ ሰው ይሄድበታል። የበለጠ ከወፈረ መኪና ይነዳበታል።"

እሳቸው የሚያውቁት ሐይቅ የኛው ሐይቅ ነው። ትንሽ አሰቡና "ዓሣውስ?" አሉ።

"ዓሣው ከሥር አለ። ሰዎቹ በረዶውን ሰርስረው፣ በቀዳዳው መንጠቆ አውርደው ያወጡታል።"

"ሰው ምን የማይሆነው አለ!" ብለው ሲኒያቸውን መለሱ። መሃል ከተማው ላይ ደግሞ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያሻግር በመስታወት የተዘጋ ድልድይ እንዳለ፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 እንደተሠራ፣ ሰው መንገድ ላይ ሳይወርድ ብዙ እንደሚዞር ነገርኳቸው። ይሄኛው ብዙም አልገረማቸውም። "ብልህ ናቸው" ብቻ አሉ።

ጋቢ እንዳልይዝ ወስኜ ነበር። ጥጥ ነው፣ ይከብዳል፣ ቦታ ይበላል፣ ቤቱም ይሞቃል። ያቺ በሹራቤ የሳቀችው እህቴ ግን "ጋቢውን አምጪው" አለችኝ። "ቤቱ 21 ዲግሪ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?" ብላት፣ "አራስ ያለ ጋቢ?" አለች፣ ልክ በእናቴ ድምፅ። እናቴ ከጓዳ ሰምታ ጋቢውን ይዛ መጣች። አዲስ ነው፣ ለካ ቀድማ አሠርታው ኖሯል። ሹራቦቹ ወጡ፣ ጋቢው ገባ።

አሁን የቀረው ካፖርቱ ነው። ብጠቀልለው፣ ብረግጠው፣ እንደገና ይነፋል። ጥራቱን የመረጥኩበት ነገር ዞሮ ለእኔው ጠላት ሆነ። ስለዚህ ካፖርቱንም ቦት ጫማውንም ለብሼ ነው የምጓዘው። ጠዋት ከደሴ ስነሳ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ችግሩ አውሮፕላን የምሳፈረው ከኮምቦልቻ መሆኑ ነው። ያንን ላባ ተሸክሜ ፀሐይ ላይ ስቆም ወንድሜ ፎቶ ሊያነሳኝ ከአሁኑ ዝቷል። ያንሳ። በካፖርቱ ቦታ በርበሬው ይገባል።