ወረርሽኝ ሲመጣ ትምህርት ቤቱን የሚፈትነው የጊዜ ሰሌዳው ነው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ባሕር ዳር ከመጋቢት 22 ጀምሮ ለ14 ቀን ራሷም ተዘግታ ነበር። መዝጋት ቀላል ነው፣ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ጣጣው የመጣው በጥቅምት 2013 በደረጃ ሲከፈት ነው፦ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ ለአንድ ዴስክ አንድ ልጅ። ከዚያ በኋላ የትምህርት መምሪያውም ሆነ የርዕሰ መምህሩ ሥራ በአብዛኛው ሂሳብ ነው። ጭምብል የሚያድል አይጠፋም፤ የሚጠፋው ክፍለ ጊዜ ነው።

ከክፍሉ እንጀምር። 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ለሰሌዳውና ለመምህሩ ከፊት 2 ሜትር ሲተው የሚቀረው 7 በ6 ነው። የዴስኩ ርዝመት 1.2 ሜትር ከሆነ በአራት መደዳ ስድስት ስድስት ማስገባት ይቻላል፤ 24 ልጅ ማለት ነው። ብዙ ቦታ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በዴስክና በዴስክ መካከል ያለው ክፍተት 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አንዱ ልጅ ቀኝ ጫፍ፣ ጎረቤቱ ግራ ጫፍ ላይ ከተቀመጡ ጭንቅላታቸው ሊገናኝ ምንም አይቀረውም። ርቀቱ የሚለካው ከራስ እስከ ራስ ነው እንጂ ከዴስክ እስከ ዴስክ አይደለም። መፍትሔው አንድ ጣሳ ቀለም ነው፦ በሁሉም ዴስክ ላይ በተመሳሳይ ጫፍ ምልክት ይደረግና ልጆቹ እዚያ ብቻ ይቀመጣሉ። ይህ ሲሆን ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ልጆች መካከል ከ1.6 ሜትር በላይ ይገኛል።

አሁን 12 ክፍል ያለውን፣ በየክፍሉ 60 ልጅ ይዞ በአንድ ፈረቃ የሚያስተምረውን ትምህርት ቤት እንውሰድ። 720 ተማሪ አለው። በ24 ስሌት በአንድ ጊዜ የሚገቡት 288 ናቸው። ሁለት ፈረቃ ቢሆን 576፣ በአንድ ፈረቃ ሆኖ ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ ቀን በቀን ቢቀያየርም ያው 576፤ 144 ልጅ ደጅ ይቀራል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሠሩ 1152 ይደርሳል። ድሮም በሁለት ፈረቃ 1440 ተማሪ ለሚያስተምር የከተማ ትምህርት ቤት ግን ይህም አይበቃም። 288 ልጅ ስለሚተርፍ ወይ ተማሪው በሦስት ምድብ ሆኖ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ወይ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራውና ዳሱ ሁሉ ክፍል ይሆናል።

ሁለቱ መንገዶች ዋጋቸው አንድ አይደለም። ፈረቃ ሲጨመር የመምህሩ ክፍለ ጊዜ በእጥፍ ያድጋል፤ ቀን በቀን ሲቀያየር ደግሞ የተማሪው ትምህርት በግማሽ ይቀንሳል። ከሁለቱ አንዱን ሳይከፍል የወጣ የለም። መምሪያው ይህን ሳይወስን «እንደየትምህርት ቤቱ ሁኔታ» ብሎ ሲተወው ሰኔ ላይ አንዱ ትምህርት ቤት ምዕራፍ 8 ሌላው ምዕራፍ 4 ላይ ይገኛሉ፤ ፈተናው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ተሰብስበው የግድ የሚሸፈነውንና የሚዘለለውን በገጽ ቁጥር ለይተው ለሁሉም ጉድኝት (ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ቢያስተላልፉ ይሻላል። 40 ደቂቃውን ወደ 30 ማውረድም አለ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ከ240 ወደ 180 ደቂቃ ስለሚወርድ በፈረቃዎቹ መካከል ለጽዳትና ለመውጫ ጊዜ ይገኛል።

ምድቡን በስም ቅደም ተከተል መክፈል ወንድምና እህትን ይለያያል። ታላቂቱ ሰኞ፣ ታናሹ ማክሰኞ ሲሆኑ እናት በየቀኑ የምታደርስና የምትጠብቅ ትሆናለች፤ ብዙ ጊዜም ታላቂቱ ቤት ትቀራለች። መዝገቡ በቤተሰብ ቢከፈል ይሻላል። ሌላው የቅዳሜ ነገር ነው። ባሕር ዳር ላይ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የደረሰው ምድብ ከሦስት ቀኑ አንዱን በጉልት፣ በተሸካሚነት ወይም ቤት በመጠበቅ ያሳልፋል። ምድቦቹ በየሁለት ሳምንቱ ቀን ቢለዋወጡ ሸክሙን ይካፈሉታል። ወላጅ እንዳይምታታበት ለአንዱ ምድብ ቢጫ፣ ለሌላው ሰማያዊ ካርድ መስጠትና በበሩ ላይ የዕለቱን ቀለም መለጠፍ ይበቃል።

እጅ መታጠቢያው ራሱን የቻለ ሂሳብ አለው። አንድ ልጅ ቀርቦ፣ በሳሙና አሽቶ፣ አለቅልቆ እስኪሄድ 40 ሰከንድ ቢፈጅ አንድ ቧንቧ በግማሽ ሰዓት 45 ልጅ ያስተናግዳል፤ ለ288 ልጅ ሰባት ቧንቧ ያስፈልጋል። አራት ብቻ ካለ ሰልፉ ራሱ መጨናነቂያ ይሆናል፤ መራራቅ የተባለው ሁሉ በሩ ላይ ያልቃል። በአንድ መታጠብ 1 ሊትር፣ በፈረቃ ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ፈረቃ ወደ 1730 ሊትር ነው። የ2000 ሊትር ሮቶ ለአንድ ቀን ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ሮቶ የግድ ነው። ሰባቱ ቧንቧ በግማሽ ኢንች መስመር ከተቀጠሉ የመጨረሻዎቹ ያንጠባጥባሉ እንጂ አይፈሱም፤ ዋናው መስመር ሰፊ ይሁን፣ ሮቶውም ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። ሐይቁ ዳር መረሬ አፈር ባለበት ግቢ ደግሞ የፍሳሹ ጉድጓድ አስቀድሞ ካልታሰበበት በሳምንቱ ጭቃ ነው። ደረቅ ሳሙና አይቆይም፣ ይጠፋል፤ ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ሳሙና ሞልቶ ማሰር ይሻላል።

ለዴስክና ለበር እጀታ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 200 ሚሊ ሊትር ለክቶ ውሃ በመጨመር 10 ሊትር መሙላት ነው። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ኃይሉን ያጣል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና የጽዳት ሠራተኞቹ ይህን ከሁሉ በፊት ይወቁ። ልጅ ላይ መርጨትማ ከቶ አይታሰብም።

በር ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ብዙ ያታልላል። ከዘንዘልማ በኩል በፀሐይ በእግሩ የመጣ ልጅ ግንባሩ ይግላል፣ ላብ ያለበት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ አሳርፎ፣ ግንባሩን አድርቆ መለካት ነው። ከዚህ የሚብሰው ወቅቱ ነው። በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ትምህርት በሚጀመርበት ጊዜ ነው። ትኩሳት ያለውን ልጅ «ኮሮና ነው፣ 14 ቀን ቤትህ» ብሎ መስደድ ወባ ያለበትን ልጅ ለአደጋ መስጠት ነው። ልጁ ከወላጅ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፣ በወረቀቱም ላይ የወባ ምርመራ ይጠየቅ። በሽታው የኮሮና ሆኖ ከተገኘ የመቀመጫው ምልክት እዚህ ይጠቅማል፦ ቋሚ ቦታ ስላላቸው ክፍሉን በሙሉ ከመበተን ይልቅ በዙሪያው የነበሩትን ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ቤት ለሚውለው ምድብ በኮሮናው ጊዜ የራዲዮና የቴሌግራም ትምህርት ነበረ፤ ባትሪና ስልክ ለሌለው ግን ወረቀት ነው መፍትሔው። ለ600 ልጅ አራት አራት ቅጠል ማለት 2400 ቅጠል፣ 500 በሚይዘው ደስጣ አምስት ገደማ ነው፤ ያውም ለአንድ ዙር። ከድጎማው ላይ ቀድሞ ካልተያዘ በሁለተኛው ወር ይቆማል። ወደ ዘጌና ወደ ደቅ በጀልባ የሚሄደው ጥቅል በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲነሳ ማዕበሉ ያርሰዋልና በጠዋት ይጫን።

መዝገቡን በተመለከተ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሲመጣ የቀረ ልጅ አይታይም። «ዛሬ ምድቡ አይደለም» እየተባለ ወር ያልፋል። ስም ጠሪው መምህር ሁለት ተከታታይ የምድብ ቀን የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ቀን ይደውል። ሲም ይቀየራልና ለአንድ ልጅ ሁለት ስልክ ይያዝ፣ አንዱ የጎረቤት ይሁን። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ከ6ኛ ክፍል በላይ ያሉ ሴት ልጆች ዝርዝር ታኅሣሥ ሳያልቅ ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ጋር ይታይ፤ ከጥምቀት በኋላ ከተነሳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ «ተድራለች» ነው።