ቤዝመንት ውስጥ ምጣድና የጋዝ ቦይለር ሲጎራበቱ

ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ሰው እንፋሎቱ ግድግዳውን እንዳያሻግትበት ፋን ያስገጥማል። አጠገቡ የጋዝ ቦይለር፣ ማለትም ውሃ አሙቆ ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን፣ ከሌለ ጥሩ ነው። የማወራው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቆየት ባሉ ቤቶች ስላለው፣ አየሩን ከክፍሉ ስቦ ጭሱን በጭስ ማውጫ ስለሚልከው ቦይለር ነው። በቧንቧ ከውጭ የሚተነፍሰው አዲሱ ዓይነት ጠባዩ ሌላ ነው።

የእኔን ቤት ስፈትሽ የጀመርኩት እሳቱ ከሚያስፈልገው አየር ሒሳብ ነው። ቦይለሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ በሰዓት 100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ይላል፤ የውሃ ማሞቂያው 40,000። የተለመደው የአሜሪካ የጋዝ ደንብ ለየ1,000 ቢቲዩው 50 ኪዩቢክ ጫማ ክፍል ስለሚጠይቅ 7,000 ያስፈልጋል። ክፍሉ ግን 8 በ10፣ ቁመቱም 8 ጫማ ስለሆነ 640 ብቻ ነው። የግድ ከውጭ አየር ማስገባት ነበረብኝ። በአንድ ቀዳዳ ለመጨረስ ለየ3,000 ቢቲዩው 1 ካሬ ኢንች ይታሰባል፤ ወደ 47 መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀዳዳው ላይ የሚገጠመው መከለያ ክንፎች መንገዱን ይዘጋሉ። አምራቹ መጠኑን ካልጻፈ የብረቱ 75 በመቶ፣ የእንጨቱ 25 በመቶ ብቻ ክፍት ነው ተብሎ ይያዛል። 8 በ8 ኢንች የብረት መከለያ 48 ስለሚሰጥ ለጥቂት አለፈ። ቦታው ከኮርኒሱ በ12 ኢንች ውስጥ ነው። ወንፊቱ ከሩብ ኢንች የጠበበ እንዳይሆን፤ የትንኝ መረብ ብናኝ ይዞ ቶሎ ይደፈናል። ግድግዳ መብሳቱን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተዉለት።

ቀዳዳው የተሰላው ለእሳቱ እንጂ ለፋኑ አይደለም። 140,000 ቢቲዩ ለማንደድ ብቻ በደቂቃ ወደ 23 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይበቃል፤ የምጣድ ፋን ግን 300 ሊስብ ይችላል። ያንን ከየትም ያመጣዋል፤ ከጭስ ማውጫውም ጭምር። ስለዚህ እንዲህ ፈተሽኩ፦ መስኮትና የውጭ በር ሁሉ ዘጋሁ፤ የምጣዱን፣ የኩሽናውንና የመታጠቢያ ቤቱን ፋን፣ የልብስ ማድረቂያውን (ድራየሩን)ም አስነሳሁ። ቦይለሩ 5 ደቂቃ ከነደደ በኋላ ጧፍ አብርቼ እፍ አልኩና ጭሱን አናቱ ላይ ካለው ክፍት ቆብ አፍ አስጠጋሁ። ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ወደ እኔ ተመለሰ። ሁሉንም ወዲያው አጥፍቼ መስኮት ከፈትኩ። መፍትሔው ሁለት ነበር፦ የቦይለሩን ክፍል በር ዙሪያውን በጎማ ማሸግና ሲጋገር ምጣዱ ያለበትን ቦታ መስኮት መክፈት። ደግሜ ስፈትሽ ጭሱ ገባ።

አየሩ መግባቱ ብቻ አይበቃም፣ መንጻትም አለበት። በረኪና እዚያ ክፍል አይቀመጥም። የክሎሪኑ ትነት እሳት ውስጥ ሲገባ ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለወጥና የቦይለሩንም የጭስ ማውጫውንም ብረት ይበላል። የቀለም ማቅጠኛም እንደዚሁ ይውጣ። የድራየር ብናኝና የሸረሪት ድር የእሳቱን አየር መግቢያ ይደፍናሉ፤ ያኔ ሰማያዊው ነበልባል ቢጫና ልፍስፍስ ይሆናል፣ ጥቀርሻም ይታያል። ማብሪያውንና ጋዙን ዘግቼ፣ ሲቀዘቅዝ ወለሉንና ሥሩን በቫኪዩም እጠርጋለሁ፤ በርነሩን (ጋዙ የሚነድበትን ክፍል) መፍታት ግን በዓመት አንዴ የሚመጣው ቴክኒሻን ሥራ ነው። ጭስ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቦይለሩን የሚያጠፋው ስዊች ደጋግሞ ካጠፋው ሽቦውን አገናኝቶ ማለፍ ራስን መግደል ነው።

ከጭሱ ጋር የሚመጣውን ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ የሚያስጠነቅቀው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ ይኑር፤ ግን የመጀመሪያ መከላከያ አይደለም። በ70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 70ው ጋዙ ሲሆን) ለመጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ከጮኸ ሁሉም ይውጣ፤ 911 የሚደወለው ከደጅ ነው። ለቡና ብሎ ቤዝመንት ውስጥ ከሰል ማንደድ ደግሞ ያንኑ ጋዝ በገዛ እጅ ማምረት ነው።

ብርድ ሲመጣ ቀዳዳውን በጨርቅ የሚወትፍ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። ነፋሱ የሚያገኛቸውን የውሃ ቧንቧዎች በስፖንጅ ሸፈንኳቸው፤ ቧንቧው እንዳይበርድ ብሎ ቀዳዳውን የሚዘጋ ሰበብ እንዳያገኝ።