የውሻ ቁስል ላይ የካፕሱል ዱቄት አትነስንሱ

እዚህ ጎንደር ውሻ ሲቆስል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ነው። ካፕሱሉ ይከፈትና ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል፣ አለቀ። ማራኪ ሰፈርም አዘዞ ሰፈርም ያየሁት ይኸው ነው፤ በጣም ያሳስበኛል።

ዱቄቱ ከደሙ ጋር ተጋግሮ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ቆሻሻና መግል ግን የትም አልሄደም። ቁስል መጀመሪያ የሚፈልገው እጥበት ነው። ፈልቶ ለብ ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ፣ ዙሪያውን ያለውን ፀጉር በጥንቃቄ ቁረጡ፣ ከዚያ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ውሃውን እየገፋችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ። አልኮል ይቅር፣ ጤናማውን ሥጋም ይጎዳል። ለትንሽ ጭረት ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል፣ ብቻ እንዳይልሰው ጠብቁት።

ሌላ ውሻ ነክሶት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የጥርሱ ቀዳዳ ከላይ ትንሽ ነው፣ ከቆዳው ሥር ግን ሥጋው ተቦጫጭቆ ባክቴሪያ ጠልቆ ሊገባ ይችላል። ይህን የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ዩኒቨርሲቲያችን ሙያውን የሚያስተምር ነውና ባለሙያ አይጠፋም። አንቲባዮቲክ ከታዘዘ መጠኑ የሚሰላው በውሻው ኪሎ ነው። ከሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን በግምት አትስጡ፣ የታዘዘውንም ቁስሉ ደረቀ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደ ለእኛም ይተርፋል፤ ውሻና ልጅ የሚውሉት እኮ አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ስለዚህ የነከሰው ውሻ የማይታወቅ ከሆነ ቁስሉን ጓንት አድርጋችሁ እጠቡ፣ የክትባቱንም ነገር በዚያው ቀን ሐኪሙን ጠይቁ።