ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፦ ቢጫ አበቦችን የመለየት ልምምድ

መስከረም ከጠባ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ በእግሬ እየተጓዝኩ፣ የዱር አበቦችን ለይቶ ማወቅ እየተማርኩ ነው። ከሩቅ ሲታይ ተረተሩን ያለበሰው ቢጫ ሁሉ አደይ አበባ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን አደይና የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው መጭ ጎን ለጎን አብበው ይገኛሉ።

ሁለቱን ለመለየት ከአበባው ይልቅ ቅጠሉን መመልከት ይሻላል። እዚህ የማገኘው አደይ ቅጠሉ እንደ ድንብላል ቅጠል የተሰነጣጠቀና ቀጫጭን ሲሆን፣ የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። አበባውን ገልብጦ ማየትም ይረዳል፤ ከመጭ አበባ ሥር አምስት ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ ቅጠል የሚመስሉ አረንጓዴ ክፍሎች ይታያሉ። ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን በእጅ ማጉያ መነጽር ያየሁት ነው። በሁለቱም ዕፅዋት አንድ አበባ የምንለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱን የቻለ አበባ ሲሆን፣ ዳር ዳሩን የከበበው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠልም እንዲሁ ነው። ንቦች በአንዱ መጭ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆዩት ለዚህ መሆኑን ሳስብ፣ የጥቅምትና የኅዳር ማር ከየት እንደሚመጣ በዓይኔ ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

ከፍ እያልኩ ስሄድ በቁጥቋጦ መልክ የሚያድገው አምጃ ይጀምራል። የእሱ አበባ ባለ አምስት ቅጠል ሆኖ መሃሉ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሞላ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይምታታም።

በባሕር ዛፉ ሥር ግን የምመዘግበው ጥቂት ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የከተማዋን የማገዶ ችግር እንዳቃለለ አልዘነጋም፤ ሆኖም ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ቦታ መሬቱ በደረቀ ቅጠል ተሸፍኖ ከሥሩ የሚያብብ ነገር እምብዛም አይታይም፤ ጽድና ኮሶ ባሉበት አካባቢ ደግሞ ሣሩም አበባውም ይበረክታል። በእኔ እምነት ባሕር ዛፉ በተቆረጠ ቁጥር አገር በቀል ዛፍ ሊተካበት ይገባል።

ለመጀመር ለምታስቡ፣ ጥላ ያለበት መንገድ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለሚያዳልጥ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋችኋል። አበባ ከመቅጠፍ ይልቅ የቅጠሉን የላይኛውንና የታችኛውን ገጽ ፎቶ ማንሳት ለመለየት በቂ ነው።

በኅዳር የምመለሰው የአደይንና የመጭን ዘር ለማነጻጸር ነው። በወጨጫ ወይም በመናገሻ ሱባ ደን በኩል የምትጓዙ ጓደኞች፣ አደይ ቀርቶ አምጃ የሚበዛበትን ከፍታ ብትመዘግቡልኝ ከእንጦጦው ጋር ለማስተያየት እፈልጋለሁ።