ሩዝ አልበስል ያለኝ ሰሞን

ባለፈው ቡና ስንጠጣ «በየአገሩ የበላሽውን እያወራሽ ከምታስጎመጂን ሠርተሽ አታበዪንም ወይ?» ብላችሁ የፈረዳችሁብኝ ትዝ ይላችኋል። እኔም «ምን ችግር አለው!» ብዬ ተነሣሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ማብቂያ የሞከርኩት ይኸውላችሁ። የተሳካው ጥቂት ነው። ያበላሸሁትን ግን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፣ ቢያንስ እናንተ እንዳትደግሙት።

ቤቴን ላላያችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ማድ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ባለሁለት ዐይን የጋዝ ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና በረንዳ ላይ የከሰል ምድጃ አለኝ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ የሚመጣው ሩዝ ማጠብ እንኳ ሂሳብ አለው፤ ያጠብኩበትን ለጤና አዳሜ አጠጣዋለሁ። ዳኛዬ እናቴ ናት። ሰላሌ ተወልዳ ያደገች፣ ለወተትና ለቅቤ ካልሆነ ለሌላ ምግብ በቀላሉ «ጥሩ ነው» የማትል ሴት ናት።

የጀመርኩት ከአገር ቤቱ ነው፣ በሶማሌ ሩዝ። ቦሌ ሚካኤል ገብቶ የበላ ያውቀዋል፤ ሰፊ ሰሐን ላይ ፍሬው የተለያየ ባስማቲ፣ ከላይ የፍየል ሥጋ፣ ከጎን አንድ ሙዝ። መጀመሪያ የበላሁ ቀን ሙዙ የመጨረሻ መስሎኝ ወደ ዳር አደረግኩት። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አይተው «እሱ እኮ ከሩዙ ጋር ነው፣ ልጄ» አሉኝና የራሳቸውን ቆርሰው ከሩዙ ጋር በጣታቸው ጠቅልለው አሳዩኝ። ቅመሙ አፍ ላይ ሞቅ ሲል ሙዙ ያበርደዋል። ከዚያ ወዲህ ሩዝ ያለ ሙዝ ጎደሎ ይመስለኛል፤ ቤተሰቤ ግን እስካሁን ይስቅብኛል።

ቅመሙን እነሱ ሐዋሽ ይሉታል፤ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና እርድ ነው። መርካቶ ወርጄ ገዛሁ፣ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፤ ሽታው እስከ ምድር ቤት ደረጃ ወረደ። ሩዙን ግን ዱባይ እያለሁ በለመድኩት ልክ ጣድኩት፦ ለአንድ ስኒ ሩዝ አንድ ተኩል ውሃ፣ ለ15 ደቂቃ። ሲወጣ ውጪው ለጥቋል፣ መሃሉ ጥርስ ስር ቀጭ ይላል። እናቴ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሷ ነክሳ «ይኼ ሩዝ ነው ጠጠር?» አለች።

በሁለተኛው ቅመሙን ቀየርኩ። በሦስተኛው የሩዙን ዓይነት ቀየርኩ። በአራተኛው ውሃ ጨመርኩና ገንፎ ወጣ፤ ለገንፎማ ቅቤና በርበሬው ይሻለው ነበር። አምስተኛው ላይ ተናድጄ ለኬክ ብዬ ያመጣሁትን የምግብ ቴርሞሜትር የሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 93 አለ። ጠበቅኩ፤ 93። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ስል ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ልጄ «እማ፣ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው እኮ» አለኝ።

ነገሩ ይኼ ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ዱባይ ባሕር ዳር ናት፣ ውሃዋ 100 ላይ ይፈላል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ድስቱ ያው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱም ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ሙቀት ግን ሰባት ዲግሪ ያህል ይጎድለዋል፣ እሳቱን ብትጨምሩም አይሞላም። ሽምብራና ባቄላ አልበስል የሚለንም በዚሁ ነው፤ ፕሬሸር ኩከር ያላት ጎረቤት የምትከበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲያ ከሆነ የቦሌ ሚካኤሎቹስ እንዴት ያበስሉታል? እነሱም የኛው ከፍታ ላይ ናቸው። ተመልሼ ሄድኩ፣ ከበላሁ በኋላ ወደ ጓዳ አንገቴን አስገብቼ ጠየቅኩ። ሴትየዋ እጇ ሽንኩርት ላይ እንዳለ ሳትዞር «ሩዝሽን ሳታጠጪ አትጣጂው» አለችኝ። ይኼው ነው! አንድ ሰዓት ውሃ ይጠጣል፤ እሳት ላይ ሲወጣ መሃሉ ቀድሞ ርሷል። አሁን አንድ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ ውሃውን ወደ አንድ ከሦስት አራተኛ ከፍ አድርጌ፣ በትንሽ እሳት 25 ደቂቃ ሳልከፍት አቆየዋለሁ። ክዳኑንም ዙሪያውን በሊጥ አሽገዋለሁ፤ እንፋሎት እንዳይወጣ። እናቴ ስታየኝ «አረቄ ልታወጪ ነው?» አለች።

አንድ ወር ሙሉ ጥፋቱን ቅመም ውስጥ ስፈልግ መክረሜ ያናድደኛል። ምግብ ቤት የጣፈጠን ነገር ቤት ስንሞክር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ምን አለበት?» ነው። እሳቱንና ውሃውን የሚጠይቅ የለም።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ፣ ሥጋው ቀረ። እኔም ወደ ዶሳ፣ ወደ ሕንዶቹ ስስ የሩዝ ቂጣ፣ ዞርኩ። ዱባይ ሆቴል አጸዳ በነበረበት አምስት ዓመት የእረፍት ቀኔ አርብ ነበር፤ አርብ ጠዋት ካራማ ሰፈር ወደ አንድ የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት እንሄዳለን። ርካሽ ነው። ከሁሉ በላይ የጾም ነው፤ ቅቤውን ተዉልን ካልናቸው ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ ድንችና ዘይት ብቻ ነው። ሰው አገር «ወተት አለበት? እንቁላል አለበት?» እያልን ከመለማመጥ ያዳነን እሱ ነው። ከብረት ሰሐኑ ግራና ቀኝ ተርፎ የተንጠለጠለ ቡናማ ጥቅል ያመጡልናል፤ ውስጡ እርድ የገባበት ድንች፣ ከጎኑ በትንንሽ የብረት ጎድጓዳ የኮኮናት ማባያና ሳምባር የሚሉት ኮምጠጥ ያለ የጥራጥሬ ወጥ። ሳምባሩ ሲያልቅ አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ይሞላዋል። አራት ጊዜ ያስሞላሁበት ቀን አለ፣ ደመወዝ ሳይወጣ።

እዚያው ከተማ፣ ዴራ ሰፈር፣ የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች አሉ። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ይዤ ሄድኩ። እንጀራውን ገልጣ በጣቷ ተጭና ስታየው፣ ዐይኖቹን ስትቆጥር፣ ምን እንደምታስብ ገባኝ፤ እኔም ዶሳውን መጀመሪያ ያየሁት እንዲያው ነበር። ለካ የኔ የዘወትር ምሳ ለሌላው «የባህል ምግብ» ነው። ለነገሩ እሷ ሽሮውን በማንኪያ ጨርሳ እንጀራውን ተወችው።

ወደ ዶሳው ልመለስ። ሊጡ 3 እጅ ሩዝና 1 እጅ ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ነው፤ ኡራድ ቅርፊቱ ጥቁር፣ ሲከካ ነጭ ነው። ከዱባይ የመጣች ጓደኛዬ ሁለት ኪሎ ይዛልኝ ነበር። ሩዙና ኡራዱ ለየብቻ ስድስት ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋሉ፤ ከኡራዱ ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ ይገባል። ከዚያ ይፈጫል፣ ይቀላቀላል፣ ያድራል። ችግሩ ያለው «ያድራል» ላይ ነው። ዱባይ አንድ ክፍል አብራኝ ትኖር የነበረችው የደቡብ ሕንድ፣ የኬረላ ልጅ «ማታ ቀላቅለሽ ተኚ» ነበር ያለችኝ፤ የዱባይ ሌሊት ከኛ ቀን ይሞቃል። እዚህ ኅዳር ነው፣ ሜዳው ላይ ውርጭ የሚወርድበት ወር። ጠዋት ስከፍተው እንዳስተኛሁት ተኝቷል።

«እርሾ ጣል አድርጊበት» አለች እናቴ። ግማሽ ጭልፋ የጤፍ እርሾ ጨመርኩ፤ በማግስቱ ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ ጋገርኩ። እናቴ ቀመሰችና «እንዴ፣ ይኼማ የሩዝ እንጀራ ነው። ይኼን ለመብላት ነው ዱባይ ድረስ የሄድሽው?» አለች። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ሩዝ ያልቀላቀለ ጎረቤት የለም፣ ጣዕሙን በደንብ ታውቀዋለች። ልክም ነበረች። ዶሳ የሚቦካው እህሉ ይዞት በመጣው ነው፤ እኔ ደግሞ ለጤፍ የሠለጠነውን የቤቴን እርሾ ስጨምርበት ያው እንጀራችን ሆነ።

በሦስተኛው እርሾውን ትቼ ሙቀት ሰጠሁት። ሁለት ሃይላንድ ላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ድስቱን ግራና ቀኝ አስደገፍኩ፣ በጋቢ ጠቀለልኩ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት። ውሃውን በየአራት ሰዓቱ ቀየርኩ፤ ሌሊት ሁለቴ ተነሥቻለሁ፣ ባለቤቴ ሕፃን ያለን መስሎት ነበር። ከ20 ሰዓት በኋላ ተነሣ። ሽታው እንደ እንጀራ ሊጥ አፍንጫ አይሰረስርም፤ ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ነው።

አሁን ጋገራው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ እንጀራ የጋገረ እጅ ነው ያለኝ፤ ጭልፋ ስይዝ ራሱ ወደ ምጣዱ ዳር ይሄዳል። እንጀራ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይገባል። ዶሳ ግን መሃል ላይ ይፈስና በጭልፋው ቂጥ እየተዞረ ወደ ዳር ይወጣል። እጄ አልታዘዝ አለኝ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተቀደዱ። ምጣዱም በጣም ሲግል ሊጡ ጭልፋው ላይ እየተጠቀለለ ይነሣል፤ መላው፣ ሊጡን ከማፍሰሳችሁ በፊት ውሃ ረጨት አድርጋችሁ ምጣዱን በተገመሰ ሽንኩርት ማሸት ነው። አምስተኛው ተዘረጋ፣ ጠርዙ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩ። ይኼኔ እናቴ አክንባሎውን ይዛ ደረሰች፤ «ክደኚው እንጂ!» ከተከደነ በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ ቀጭ ማለቱ ይጠፋል ብዬ ተሟገትኩ። አክንባሎውን እንደ ጋሻ ይዛ ቆማ አየችኝ። ሰባተኛው ሲነሣ ጠርዙ ቀጭ አለ። እሷም ቆርሳ ዝም ብላ በላች። በእናቴ ቋንቋ ዝምታ ማለት ሰባት ከአሥር ነው።

ሳምባሩ ግን አልተሳካም። በነሱ ጥራጥሬ ፋንታ የምስር ክክ አደረግኩ፣ ለኩምጣጤው ድሬዎች የሚጠጡትን ሁመር ገዛሁ። በመልክ ደረሰ። በጣዕም ልጄ እንዳለው «ኮምጠጥ ያለ የምስር አልጫ» ነው። የጎደለው የካሪ ቅጠል ነው፣ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ የሚሸተው። በሶብላ ሞክሪ ያላችሁኝ አላችሁ፤ ሞከርኩ፣ አይሆንም። አንድ የገረመኝ ነገር፣ ሳምባር ውስጥ የሚገባው ዱላ የመሰለ አትክልት የሞሪንጋ ዛላ ነው። ኮንሶዎች የኛን አገር ሞሪንጋ ቅጠሉን ይበሉታል፣ ሕንዶቹ የነሱን ዛላውን።

ክትፎን ለምን አልሞከርሽም ለምትሉኝ፣ አልነካውም። የባለቤቴ እናት ለመስቀል የሚያቀርቡትን በጣባ በልቼ፣ ለወራት የተጠራቀመ ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር ቆሜ አይቼ፣ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሱቅ ቅቤ ጋር መታገል አያምረኝም። ለዚያ ጉራጌ እሄዳለሁ።

ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥር ውስጥ፣ የየመኑ ማንዲ ላይ ደረስኩ። ሐድራሞት የሚባለው የየመን አካባቢ የሥጋና የሩዝ ምግብ ነው፤ ስሙ በዓረብኛ ከጤዛና ከእርጥበት ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ፣ ሥጋውም እንደዚያው ነው፣ ይርሳል። አሠራሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ ምድጃ ነው፤ ፍሙ ከታች፣ ሩዙ ከሱ በላይ፣ በጉ ከላይ ይንጠለጠላል፣ አፉ ይታሸጋል፣ የሥጋው ስብ ሩዙ ላይ ይንጠባጠባል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጉድጓድ ስለማይቆፈር ብረት ድስቴ ውስጥ ሽቦ ዘርግቼ በጉን እሱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከታች ውሃና ቅመም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በእንፋሎት። በጠብታው ውሃ ሩዙን አበሰልኩ። (አጠጥቼ! አንድ ሰዓት!)

የቀረው ጭሱ ነው። ማንዲን በየቤታቸው የሚሠሩት ሰዎች የጋለ ፍም በትንሽ ዕቃ ድስቱ መሃል አስቀምጠው፣ ዘይት ጠብ አድርገው ይከድኑታል። እኔም ያንን ላደርግ ከሰል ሳቀጣጥል እናቴ «በከሰል ብቻ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። የወተት ዕቃ የምታጥንበትን ወይራ ይዛ መጣች፤ ቱሉ ዲምቱ ላም የለንም፣ እርጎ የምታስቀምጥበትን ቅል ግን አሁንም ታጥናለች። አንዲት ስንጣሪ ፍሙ ላይ ጣል አደረገች፣ ጭሱ ሲነሣ ክዳኑን ራሷ ደፋችው። አሥር ደቂቃ። ስንከፍተው የዱባዩ ማንዲ አልሸተተኝም፣ ግን ሌላ ምንም አላማረኝም። ሩዙ ላይ ከወይራው የሚመጣ፣ እርጎ ስትጠጡ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ያ ነገር አለበት። የመኖቹ ቲማቲምና ቃሪያ ፈጭተው ሰሃዊቅ ብለው ያቀርባሉ፤ እኛ ዳጣ ነበረን፣ በዳጣ በላነው።

ለወይራው ልክ ልንገራችሁ፦ ከአውራ ጣት ጥፍር የሚበልጥ ስንጣሪ አታድርጉ። ለጥምቀት ደግሜ ስሠራ ሦስት አድርጌ ሩዙ መረረ፣ ጎረቤትም በር አንኳኳች፣ ቤት የተቃጠለ መስሏት።

ሁዳዴ እየመጣ ነው፣ ወደ ሳምባሩ እመለሳለሁ። ኡራዱ አንድ ኪሎ ያህል ቀርቷል። የካሪ ቅጠል ችግኝ በግቢው ያለው ካለ አንድ ስጡኝ፤ ከጤና አዳሙ አጠገብ ባዶ ባልዲ አዘጋጅቻለሁ።