አንዱን ሰውዬ ሁለቴ የመዘገብኩ ቀን

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ስካነር ያለው ፕሪንተር፣ እና ከእኔ በላይ እረፍት የሚወድ ኮፒ ማሽን። ሰኔ ሲደርስ የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘ ተማሪ በር ላይ ይሰለፋል። በሌላው ጊዜ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የእድር ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ሰዎች «እጅሽ ፈጣን ነው» ይሉኛል። ነው እንጂ! ግን አንድ ሳምንት ራሴን ስታዘብ ቀኔን የሚበላው መጻፉ አልነበረም። ፍለጋው ነው። ያ ፋይል የት ገባ? ቅድም ኮፒ ያደረግኩት ምን ነበር? ይሄ ስም ከዚህ በፊት ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ፍለጋ ስላቀለሉልኝ ነገሮች ነው። ለብቻ የሚጫኑት ነጻ ናቸው፣ የቀሩት ዊንዶውስና ኦፊስ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ሁሉም አንዴ ከተዘጋጁ ያለ ኔት ይሠራሉ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ከተማችን ዳታ ጠፍቶ በሰነበተበት ጊዜ ሥራውን ሁሉ ኦንላይን ላይ ያደረገ ሰው እንዴት እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ አይቻለሁ፣ ከነሱም አንዷ እኔ ነበርኩ።

ከእድሩ ልጀምር። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የአባላት ስም የተጻፈባቸው ሦስት ደብተሮች ይዘው መጡ። ደብተሮቹን የጻፏቸው ሦስት የተለያዩ ጸሐፊዎች ናቸው። ሁሉንም ኤክሴል ላይ አንድ ላይ ገለበጥኩና ድግግሞሹን የሚያጠፋውን «ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» ተጫንኩ። ኮራሁ። አትሜ ሰጠኋቸው። ጋሼ ዱካው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ይከተላሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ኃይሉ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ።»

«ሁለት ሰው ይሆናሉ ጋሼ።»

«ከየት መጥተው ሁለት ይሆናሉ? ጎረቤቴ ነው። አንድ ሰው ሁለቴ አይሞት፣ ሁለቴ ለምን መዘገብሽው?»

አንዱ ደብተር ላይ «ኃይሉ» ነው፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ»። ሦስተኛው ላይ «ሃይሉ» የሚልም አገኘሁ። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚያየው። ፊደላችን 1999 እንደ ፈረንጆቹ ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር ቁጥር የሚያገኙበት ዝርዝር ነው) ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ በዩኒኮድ አቆጣጠር ሀ 1200 ነው፣ ሐ 1210 ነው፣ ኀ ደግሞ ራቅ ብሎ 1280 ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ለማሽኑ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» እንደ «ከበደ» እና «አበበ» የተለያዩ ናቸው። እንግሊዝኛ ላይ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለም፣ የኮምፒውተር ትምህርት ቪዲዮዎችም ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም።

መፍትሔው ይሄ ነው። ከስሙ አጠገብ አንድ ባዶ አምድ ክፈቱ። እዚያ ላይ «ሰብስቲትዩት» በሚባለው ቀመር ሐን፣ ኀን፣ ሃን፣ ሓን፣ ኃን ሁሉ ወደ ሀ ለውጡ፤ ሠን ወደ ሰ፣ ዐንና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ካዕቡን ሳልሱን እስከ ሳብዑ እንደዚያው፣ ሑ ወደ ሁ፣ ሒ ወደ ሂ እያላችሁ። ኤክሴል አንዱን ቀመር በሌላው ውስጥ እስከ 64 ድረስ መክተት ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ይበቃል። ቀመሩ ግን ከአባይ ድልድይ ይረዝማል። አንዴ ብቻ ነው የምትጽፉት፣ ከዚያ በኋላ ኮፒ ነው። ከዚያ ድግግሞሹን በዚህ በአዲሱ አምድ ፈልጉ። የሰውዬውን ስም ራሱን አትንኩት። ሰው ስሙን በኃይሉ ኃ ከጻፈ በኃይሉ ኃ ይቆይ፣ የመታወቂያውን ፊደል የመለወጥ ሥልጣን የለኝም።

በዚህ መንገድ 11 ድግግሞሽ አወጣሁ። ጋሼ ሻይ አዘዙልኝ።

ይሄው ነገር ዎርድ ላይም አለ። የከተማችንን ስም ራሱን ተመልከቱ። ግማሹ «ባህር ዳር» ይላል፣ ግማሹ «ባሕር ዳር»። አንድ ተማሪ 90 ገጽ ጽሑፍ ይዞ መጣ፣ አማካሪው «አንዱን ምረጥ» ብለውታል። በዓይኑ ገጽ በገጽ ሊለቅም ነበር ምስኪን! ዎርድ ላይ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ የሚመጣው ሳጥን ላይ «ሞር» በሉት፣ ከዚያ «ዩዝ ዋይልድካርድስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። መፈለጊያው ላይ ባ[ህሕኅ]ር ዳር ብላችሁ ጻፉ። ቅንፉ «ከነዚህ አንዱ ከሆነ አምጣው» ማለት ነው። መተኪያው ላይ የመረጣችሁትን። አለቀ። ልጁ ለ90 ገጽ ያሰበውን ሌሊት ተኝቶበታል።

ግን «ሪፕሌስ ኦል»ን ስትነኩ እጃችሁ ይንቀጥቀጥ። አንዴ የማኅበር መዝሙር ጽሑፍ ላይ ሰንም አንም ሁሉ በአንድ ዓይነት ላድርግ ብዬ ልጀምር ስል አንድ ዲያቆን ከጀርባዬ ቆሞ አስቆመኝ። «ሰአሊ ለነ» ማለት ለምኝልን ነው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ከጻፍሽው ሣዪልን ይሆናል። እመቤታችንን ሥዕል እንድትሥልልን ልለምናት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ሲመጣ አንድ በአንድ እያየሁ ነው የምቀይር።

እግረ መንገዴን፣ አራት ነጥብን በሁለት «፡» አጠጋግታችሁ የምትጽፉ ሰዎች፣ እባካችሁ። በዓይን ሲታይ ልዩነት የለውም። መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ነጥብ እዚህ፣ ሌላው ታች መስመር ላይ ሊቀር ይችላል። «፡፡»ን ፈልጎ በ«።» መተካት ግማሽ ደቂቃ ነው፤ እኔ ማንኛውም ጽሑፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይሠራም፤ እነሱ የፈረንጅ ፊደል ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ የሳሉ ናቸው፣ ፎንቱ ከሌለ ትርምስምስ ያለ የላቲን ፊደል ነው የሚታያችሁ። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

አሁን ፋይል ፍለጋ። ተማሪ ፋይሉን ምን ብሎ እንደሚሰይም ታውቃላችሁ። «ፋይናል»። ቀጥሎ «ፋይናል ሁለት»። ቀጥሎ «የመጨረሻው ፋይናል»። አንዱማ «በቃ ይሄ ነው» ብሎ ሰይሞ አይቻለሁ፣ ከሱ በኋላም ሌላ ነበረው። ጠዋት ያስተካከልኩለትን ከሰዓት መጥቶ «እህቴ፣ ያቺን ፋይል» ሲለኝ የዊንዶውሱ መፈለጊያ ክብ ነገር እያዞረ ያስጠብቀኛል።

«ኤቭሪቲንግ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ትንሽዬ ነው፣ ነጻ ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል ስትጽፉ ጀምሮ ውጤቱ ከሥር ይደረደራል፣ ጨርሳችሁ ሳትጽፉ ፋይሉ ይመጣል። የሚፈጥነው ፎልደር በፎልደር እየገባ ስለማያስስ ነው፤ ዲስኩ ራሱ የፋይሎቹን ስም የሚይዝበት መዝገብ አለው፣ እሱን ነው የሚያነበው። ቤት ለቤት ከማንኳኳት የቀበሌውን መዝገብ እንደመግለጥ። እኔ ሁልጊዜ በተለወጠበት ሰዓት አስደርድሬ ነው የምተወው፣ ስለዚህ «ፋይናል» ብዬ ስጽፍ ዛሬ የተነካው ላይ ይመጣል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ የሚፈልገው ስሙን ነው እንጂ በውስጡ የተጻፈውን አይደለም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ፍላሾች የሚመጡበት ፎርማት ያ መዝገብ የለውም፣ ስለዚህ የፍላሹን ፎልደር በእጃችሁ ካልጨመራችሁለት አያየውም። ይህን ሳላውቅ አንዱን ልጅ «ፋይልህ የለም» ብዬ አስደንግጬዋለሁ። ፍላሹ ላይ ነበር።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ። ይሄን የማያውቅ ሰው ሳገኝ አሁንም ይገርመኛል፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ። ኮፒ ያደረጋችኋቸውን የመጨረሻዎቹን 25 ነገሮች ያስቀምጥላችኋል። መጀመሪያ ስትጫኑት «ላብራው?» ይላል፣ አብሩት። ለእኔ ማመልከቻ ላይ የሚደጋገሙትን፣ የክፍለ ከተማውን አድራሻ፣ «ጉዳዩ፦»ን፣ «ከሰላምታ ጋር»ን በመርፌዋ ምልክት ሰክቼ አስቀምጫለሁ፣ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ የተሰኩት አይጠፉም።

እንደ እኔ የብዙ ሰው ሥራ በአንድ ኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ግን ማታ ማታ «ክሊር ኦል» በሉ። አንድ ደንበኛ የኢሜይሏን ፓስወርድ ከስልኳ ልካ ኮፒ አድርገን አስገብተን ነበር። ከሰዓታት በኋላ ለሌላ ሰው ስሠራ ዝርዝሩን ስከፍት ፓስወርዱ ፊት ለፊት ተገትሯል። ደንበኛው አላስተዋለም። እኔ ግን አላበኝ።

ስካን ላይ ደግሞ «ናፕስ ቱ» አለ። ስካነሮቹ ይዘውት ከሚመጡት የተዝረከረከ ሶፍትዌር ይልቅ እሱን ነው የምጠቀመው፤ ገጾቹን ታገላብጣላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ፣ አንድ ፒዲኤፍ ታደርጋላችሁ። የወደድኩት ግን ሌላ ነው። ውስጡ «ቴሰራክት» የሚባል ምስል ላይ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ሞተር አለው፣ አማርኛም ይችላል። ኔት ባለ ቀን የአማርኛውን ጥቅል አንዴ ታወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ስካን የተደረገ ወረቀት ውስጥ ቃል መፈለግ ትችላላችሁ። በደንብ የታተመ ወረቀት ላይ እንጂ የእጅ ጽሑፍ ላይ አትሞክሩት። የታተመውም ላይ ተመሳሳይ ፊደሎችን ያምታታል። ውል ላይ ያለ የብር መጠን በዚህ አንብቦ የሚያምን ሰው ካለ ጉድ ይፈላል። «ያ ወረቀት የትኛው ፒዲኤፍ ውስጥ ነበር?» ለሚለው ግን ይበቃል።

መብራት የጠፋ ዕለት ስለሚጠፋው ፋይልም አንድ ነገር። ዎርድ በራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። ሰኔ ላይ ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሮ ሲመጣ 10 ደቂቃ ብዙ ነው። ኦፕሽን ውስጥ «ሴቭ» የሚለው ጋ ገብታችሁ 1 አድርጉት። እኔ ሳላደርገው አንድ ሙሉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሄዶብኛል፣ ከነጎድጓዱ ጋር። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ ለማሳለፍ ደግሞ «ሎካልሴንድ»። ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ ኔት አይፈልግም፣ ኬብል ፍለጋ መሳቢያ ከመበርበር አዳነኝ።

ወደ ጋሼ ልመለስ፣ ጉዳዩ አላለቀም። መስከረም ላይ ያቺኑ ዝርዝር በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። የዓመቱን መዋጮ ሊያስገቡ ነው። ተቀመጡ፣ መነጽሩ ወረደ፣ እስክሪብቶው ወጣ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆመ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ አንድ ሰው ጎድሏል።»

«ማን ጋሼ?»

ስሙን ነገሩኝ። ድሮ ካወጣኋቸው ከ11ዱ አንዱ ነው። በሐመሩ ሐ እና በሃሌታው ሀ ተጽፎ ነበር፣ የአባት ስሙም አንድ ነው፣ ቀመሩ አንድ ሰው ነው ብሎኝ አንዱን ሰረዝኩት።

«እነሱማ ሁለት ሰው ናቸው። አንዱ እዚሁ ነው፣ አንዱ አባይ ማዶ ከገባ ቆይቷል፣ መዋጮውን ግን አንድ ወር አላጓደለም። ቅድም ኃይሉን ሁለቴ ልትገድይው ነበር፣ ይሄንን ደግሞ ሳይሞት ቀበርሽው።»

ከስሙ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር የሚል አምድ ጨመርኩ። የዚያን ቀን ሻዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ።